ጥፋቱ የሌላ፣ ፋይሉ ክፍት፤ ኢንሹራንሴን እንዴት ላሳድስ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የሰበሰብናቸው ጥያቄዎች በአንድ ጉዳይ ዙሪያ የሚያጠነጥኑ ናቸው፤ ሌላ ሰው ገጭቷቸው የካሳው ነገር እልባት ሳያገኝ የመኪና ኢንሹራንሳቸው የሚታደስበት ቀን የደረሰባቸው ባለመኪናዎች የላኳቸው። የምንጽፈው አጠቃላዩን አሠራር ነው። የውልዎ ቃል ወይም የአገሩ ሕግ ሌላ ነገር የሚል ከሆነ የሚጸናው እሱ ነው፤ ስለዚህ ውሉን አጠገብዎ አድርገው ያንብቡ።

ጥያቄ፦ መብራት ይዞኝ ቆሜ ሳለ ከኋላ የመጣ መኪና ገጨኝ። የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርቱ ጥፋተኛው እሱ እንደሆነ በግልጽ ይናገራል። ኢንሹራንሴ መኪናዬን አሠርቶልኛል። ከወራት በኋላ የእድሳት ደብዳቤ ሲደርሰኝ ግን አረቦኑ ጨምሯል፣ ካሳ ሳልጠይቅ በቆየሁባቸው ዓመታት ያገኘሁት የኖ ክሌም ቅናሼም ወርዷል። ጥፋት ሳይኖርብኝ ለምን እቀጣለሁ?

መልስ፦ ቅጣት ይምሰል እንጂ የመጣው ከሂሳብ አያያዝ ነው። ኩባንያዎ መኪናዎን ሲያሠራ ለጋራዡ ከፍሏል። ከዚያ በኋላ በእርስዎ ቦታ ተተክቶ ገንዘቡን ከገጨዎት ሰው ኢንሹራንስ ይጠይቃል፤ በሕግ ቋንቋ የዳረጎት መብት የሚባለው ይህ ነው። ገንዘቡ እስኪመለስ ድረስ በእርስዎ ስም የተመዘገበ ወጪ ሆኖ ይቆያል። የእድሳት ደብዳቤውን የሚያዘጋጀው የኮምፒውተር ሥርዓት ደግሞ የፖሊስ ሪፖርት አያነብም። የሚያየው ሦስት አሐዞችን ነው፦ የተከፈለውን፣ ገና ሊከፈል ይችላል ተብሎ በመጠባበቂያ የተያዘውንና ከሌላው ወገን የተመለሰውን። የተመለሰው ከተከፈለው ካነሰ ወይም መጠባበቂያው ዜሮ ካልሆነ ፋይሉ ክፍት ነው። ክፍት ፋይል ደግሞ በብዙ ኩባንያዎች ዘንድ እስኪዘጋ ድረስ ጥፋቱ የደንበኛው እንደሆነ ክሌም (የካሳ ጥያቄ) ይታያል።

ስለዚህ ጥፋተኛ አለመሆንዎና ገንዘቡ መመለሱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቅናሽዎን የሚያስመልሰው ሁለተኛው ነው። ይህን የማያውቅ ደንበኛ የፖሊስ ሪፖርቱን ይዞ ከእድሳት ክፍሉ ጋር ሲከራከር ይውላል፤ እዚያ ያለችው ሠራተኛ ግን አሐዞቹን የመለወጥ ሥልጣን የላትም። አሐዞቹ ያሉት በካሳ ክፍሉ እጅ ነው።

እድሳቱን ከመክፈልዎ በፊት ለካሳ ክፍሉ ይደውሉና እነዚህን ይጠይቁ። የገጨዎት ሰው ኢንሹራንስ ኃላፊነቱን በጽሑፍ አምኗል? እስካሁን ስንት ተከፈለ፣ ስንትስ ተመለሰ? መጠባበቂያው ላይ የቀረው ስንት ነው፣ ለምንስ ጉዳይ ነው የተያዘው? መልሶቹን በኢሜይል እንዲልኩልዎ ይጠይቁ። አንዳንድ ኩባንያዎች ሌላው ወገን ኃላፊነቱን ማመኑ ብቻ በቂ ሆኖላቸው ቅናሹን ይመልሳሉ፤ ሌሎች ገንዘቡ እጃቸው እስኪገባ ይጠብቃሉ። የእርስዎ ኩባንያ የትኛው እንደሆነ ማወቅ ይኖርብዎታል። ኃላፊነቱ የታመነበት ደብዳቤ ከወራት በፊት ለካሳ ክፍሉ ደርሶ የእድሳት ክፍሉ ግን ጨርሶ ሳያውቅ የቀረበት ጊዜ ብዙ ነው። እንዲህ ከሆነ የካሳ ክፍሉ ለእድሳት ክፍሉ እንዲጽፍ፣ ግልባጩም ለእርስዎ እንዲደርስ ያድርጉ። ደብዳቤው ከተላለፈ በኋላ አዲስ የአረቦን ስሌት ይጠይቁ።

ሌላም ብዙ ሰው የማያስተውለው መሰናክል አለ። የጋራዡ ሂሳብ 100 ከሆነ ሌላው ኢንሹራንስ በሰዓት የሥራ ዋጋ ወይም በቀለም ወጪ ተከራክሮ 95 ብቻ ይከፍላል። በቀረችው 5 ምክንያት ፋይሉ ለወራት ክፍት ሆኖ ይቆያል። ይህ በሁለቱ ኩባንያዎች መካከል ያለ ክርክር ነው፤ እርስዎ በዚህ ሊጎዱ አይገባም። የጥፋተኝነቱ ጉዳይ እልባት ስላገኘ ቀሪውን ትተው ፋይሉን «ጥፋት የሌለበት» ብለው እንዲዘጉልዎ በጽሑፍ ይጠይቁ። ብዙ ጊዜ ይስማማሉ፤ ጠያቂ ስለሌለ ብቻ ነው ተከፍቶ የሚቆየው።

ምንም ቢሉ የማይነቃነቁ ከሆነ ግን እድሳቱን በተቃውሞ ምክንያት አያሳልፉ። ይክፈሉና፣ ፋይሉ ሲዘጋ ቅናሹ ወደነበረበት እንደሚመለስና ልዩነቱም ከእድሳቱ የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ታስቦ እንደሚመለስልዎ የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ይያዙ። ሂሳቡን በምሳሌ እንየው። ከቅናሽ በፊት ያለው አረቦን 10,000 ነው እንበል። ቅናሽዎ 50 በመቶ ከነበረ የሚከፍሉት 5,000 ይሆናል። ቅናሹ ወደ 30 በመቶ ሲወርድ 7,000 ይከፍላሉ። ፋይሉ በዓመቱ መካከል ቢዘጋ እንኳ ሊመለስልዎ የሚገባው ሙሉው 2,000 ነው። አንዳንዶች ፋይሉ ከተዘጋበት ቀን ወዲህ ያለውን ብቻ አስልተው 1,000 ይልካሉ፤ «ከእድሳቱ የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ» የሚለውን ሐረግ በደብዳቤው ውስጥ ማስገባት ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ተናድጄ ወደ ሌላ ኩባንያ ልሄድ ነው። ከወጣሁ የቀድሞው ኩባንያ ጉዳዬን ይተወዋል? ለአዲሱስ መንገር አለብኝ?

መልስ፦ አይተወውም። ካሳው የሚታየው አደጋው በደረሰበት ቀን በሥራ ላይ በነበረው ውል ነው። ውሉ ቢያልቅም፣ እርስዎ ደንበኛ መሆንዎን ቢያቆሙም የቀድሞው ኩባንያ ያንን ፋይል እስከ መጨረሻው የመያዝ ግዴታ አለበት። አዲሱ ኩባንያ ከዚህ አደጋ ጋር በተያያዘ ምንም አይከፍልም። በሽግግሩ መካከል ስልክ ቁጥርዎ ወይም አድራሻዎ ከተለወጠ ግን ለቀድሞው ያሳውቁ፤ የምስክርነት ጥያቄ ወይም የፍርድ ቤት መጥሪያ ሳይደርስዎ ቀርቶ ክርክሩ የተበላሸባቸው ሰዎች አሉ።

ለአዲሱ መንገር ግን የግድ ነው። የኢንሹራንስ ውል የቆመው በቅን ልቦና ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1766 በእንግሊዝ ዳኛ የነበሩት ሎርድ ማንስፊልድ በካርተርና በቦም መካከል በነበረው ክርክር በሰጡት ፍርድ፣ መድን ሰጪው ያለ መድን ገቢው (የደንበኛው) እውነተኛ ቃል አደጋውን ሊመዝነው እንደማይችል አስረድተዋል። ዛሬ ብዙ አገሮች ሕጉን ለተራ ደንበኛ አለዝበውታል። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ሕግ ለምሳሌ የግል መድን ገቢ ለሚጠየቀው ጥያቄ በጥንቃቄ እንዲመልስ ብቻ ይጠብቃል። «ባለፉት ዓመታት አደጋ ደርሶብዎታል?» ተብለው ሲጠየቁ «የለም» ማለት ግን የትም አገር አያዋጣም። ኩባንያዎች የክሌም መዝገብ በጋራ በሚይዙበት አገር ደግሞ ወዲያው ይታወቃል።

መዘዙ የሚመጣው በሚቀጥለው አደጋ ነው። ሆን ብለው ከደበቁ ውሉ እንደሌለ ሊቆጠር ይችላል። በቸልተኝነት ከሆነ በአንዳንድ አገሮች ካሳው በአረቦኑ ልክ ይቀነሳል። እውነቱን ቢናገሩ ኖሮ 8,000 ይከፍሉ የነበሩ ሰው 6,000 ከፍለው ከሆነ፣ ጉዳቱ ሲደርስ የሚያገኙት 75 በመቶውን ብቻ ነው።

በማመልከቻው ላይ የአደጋውን ቀን፣ እንዴት እንደደረሰ በሁለት መስመር፣ እስካሁን የተከፈለውን መጠን፣ የክሌም ቁጥሩንና «ጥፋተኛው ሌላው ወገን ነው፤ ፋይሉ አልተዘጋም» የሚለውን ያስፍሩ። በኢንተርኔት የሚሞላው ቅጽ «ጥፋተኛ» ወይም «ጥፋተኛ ያልሆነ» ከሚሉት አንዱን ብቻ የሚያስመርጥ ከሆነ እዚያ ላይ አይገምቱ። ይደውሉ፣ ክፍት መሆኑን ይንገሯቸው፣ ምን ብለው እንደመዘገቡትም በጽሑፍ ይቀበሉ። ክፍቱን ፋይል «የተዘጋ» ብሎ መሙላት በኋላ እንደ ሐሰት ይቆጠራል፤ «ጥፋተኛ» ብሎ መሙላት ደግሞ ያለ አግባብ ያስከፍልዎታል።

ከቀድሞው ኩባንያ ሁለት ወረቀት ይያዙ። አንደኛው የኖ ክሌም ማረጋገጫ ነው፤ ስንት ዓመት እንዳገኙ፣ ክፍት ፋይል መኖሩንም ይገልጻል። ሁለተኛው የክሌም ታሪክ ደብዳቤ ነው፤ የተከፈለ፣ የተያዘ፣ የተመለሰ የሚሉት ሦስቱም አሐዞች የሰፈሩበት። ሁለተኛውን ካልጠየቁ አይሰጥዎትም። ጉዳይዎን የሚያስረዳልዎ ግን እሱ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አስቀድመው ይወቁ። ኩባንያ ከቀየሩ በኋላ ፋይሉ ሲዘጋ የቀድሞው ኩባንያ ለአዲሱ ዓመት የሚመልስልዎ ገንዘብ የለም፤ አረቦኑን የሰበሰበው ሌላ ነውና። አዲሱ ደግሞ በዓመቱ መካከል እንደገና የማስላት ግዴታ ላይኖርበት ይችላል። ከመፈረምዎ በፊት «የመዝጊያ ደብዳቤ ባመጣ ቅናሹን ከመቼ ጀምሮ ታስተካክላላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። በዚህ ምክንያት በእኛ አስተያየት የዋጋው ልዩነት ሰፊ ካልሆነ በስተቀር ፋይሉ እስኪዘጋ አንድ ዓመት መታገሥ ይሻላል።

ጥያቄ፦ እኔ የራሴን ኢንሹራንስ አልነካሁም፤ የገጨኝ ሰው ኩባንያ በቀጥታ አሠራልኝ። ይህም መነገር አለበት?

መልስ፦ አዎ፣ ከተጠየቁ ይነገራል። አብዛኞቹ ውሎችም ማንኛውንም አደጋ፣ ካሳ ባይጠይቁበትም እንኳ፣ እንዲያሳውቁ ያስገድዳሉ። «ለመረጃ ብቻ» ተብሎ በዜሮ ወጪ ይመዘገባል፤ በኖ ክሌም ቅናሽዎ ላይም ለውጥ አያመጣም። መዝገቡ በስህተት መጠባበቂያ ተይዞበት ከሆነ ግን ክፍት ክሌም ይመስላል። ስለዚህ በእድሳት ጊዜ «በዚህ ቁጥር የተያዘ መጠባበቂያ አለ?» ብለው ያረጋግጡ።

ጥያቄ፦ መኪናዬ ገና አልተሠራችም። የኋላው ፓራውልት ተሰብሯል፣ አንዱ ፍሬቻም የለም። ኢንሹራንሴ ሊያልቅ 2 ሳምንት ቀርቶታል። እንዲሁ ማሳደስ እችላለሁ?

መልስ፦ ማሳደስ ይችላሉ፤ ጉዳቱን ግን ያስመዝግቡ። አዲሱ የውል ዘመን ሲጀምር መኪናዋ በምን ሁኔታ ላይ እንደነበረች የሚያሳይ ማስረጃ ከሌለ፣ ነገ ሌላ ሰው ከኋላ ቢገጭዎት የትኛው ጉዳት የአሮጌው የትኛው የአዲሱ እንደሆነ ማንም ሊለይልዎ አይችልም። ሁለቱ ፋይሎች እርስ በርስ ተያይዘው ሁለቱም ይቆማሉ።

እድሳቱ በሚጀምርበት ቀን ወይም በዋዜማው ፎቶ ያንሱ። አራቱንም ማዕዘን፣ ጉዳቱን ከቅርብና ከርቀት፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን፣ ሰሌዳውን። የፎቶዎቹን ኦሪጅናል ፋይል ያስቀምጡ፤ በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ እንደ ፎቶ ሲላኩ የተነሱበት ቀንና ሰዓት ከፋይሉ ላይ ይጠፋል። ለኩባንያው በኢሜይል አባሪ አድርገው ይላኩና መቀበላቸውን የሚገልጽ መልስ ይያዙ። የመኪናዋን ዋጋ ሲሞሉም ከነጉዳቷ ይሁን ከተጠገነች በኋላ ያለውን ይጠይቁ፤ ብዙውን ጊዜ ጥገናው ሲያልቅ የሚስተካከል ማሻሻያ ይደረግበታል።

ፍሬቻ ወይም የኋላ መብራት የጎደላት መኪና ግን ጉዳይዋ ሌላ ነው። ለመንገድ ብቁ ያልሆነ መኪና መንዳት ትራፊክ ያስቀጣል፤ ከዚህ የከፋው ግን የውሉን የመኪና ደኅንነት ግዴታ መጣስ ነው። ካሳው እስኪወሰን መጠበቅ ካለብዎ ቢያንስ መብራቱን በራስዎ ወጪ ያስገጥሙ፣ የተሰበረውን ዕቃና ደረሰኙን ያስቀምጡ፣ ከካሳው ጋር ይጠይቁ። ይህንን ከማድረግዎ በፊት የኩባንያው ገማች ጉዳቱን ማየቱን ያረጋግጡ፤ ሳይታይ የተነሳ ዕቃ ብዙ ጊዜ አይከፈልበትም።

ጥያቄ፦ መኪናዬ ቶታል ሎስ (ጥገና የማያዋጣት) ተብላለች፤ ካሳው ግን አልተከፈለኝም። የእድሳት ክፍያዬ በየወሩ ከባንክ ይቆረጣል። ልተወው?

መልስ፦ ዝም ብለው ባንኩን አያስቁሙ። በወር የሚከፈል አረቦን ብዙውን ጊዜ የዓመት ዕዳ በክፍል የሚከፈልበት ስለሆነ፣ ካሳ የተጠየቀበት ዓመት አረቦን ሙሉ በሙሉ ይፈለጋል፤ የቀረውም ከካሳው ላይ ይቀነሳል። ሊያስቆሙ የሚገባው በራሱ የሚታደሰውን አዲሱን ዓመት ነው። ውሉ ከማለቁ በፊት «መኪናዋ ቶታል ሎስ ስለሆነች እንዳይታደስ» ብለው በጽሑፍ ያሳውቁ፣ መልሱንም ይያዙ።

ቅሪቱ ገና በእርስዎ ስም ከሆነና መንገድ ዳር ወይም ግቢ ውስጥ ከቆመች፣ ባለቤትነቱ እስኪተላለፍ በአገሩ ሕግ የሦስተኛ ወገን ዋስትና ያስፈልጋት እንደሆነ ይጠይቁ። ሌላ መኪና የሚገዙ ከሆነ ደግሞ የኖ ክሌም ማረጋገጫው የሚያገለግልበት ጊዜ ገደብ ስላለው፣ ወረቀቱን አሁኑኑ አውጥተው ያስቀምጡ።

ጥያቄ፦ ካሳ ብጠይቅም የኖ ክሌም ቅናሼ እንዳይወርድ ጥበቃ ገዝቻለሁ። ታዲያ አረቦኑ ለምን ጨመረ?

መልስ፦ ጥበቃው የሚጠብቀው መቶኛውን ነው። መነሻው ዋጋ ከ10,000 ወደ 12,000 ቢያድግ 50 በመቶ ቅናሽዎ ሳይነካ 5,000 የነበረው 6,000 ይሆናል። ጭማሪው ከክፍቱ ፋይል የመጣ መሆን አለመሆኑን ይጠይቁ። ከሆነ፣ ፋይሉ ሲዘጋ መነሻው ዋጋም እንደገና እንዲሰላ መጠየቅ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ የቆመች መኪናዬን ገጭተው ጠፉ። እኔ እንኳን አጥፍቼ፣ አጠገቧም አልነበርኩም።

መልስ፦ የእርስዎ ጉዳይ ያሳዝናል፤ ገንዘቡን የሚመልስ ወገን ስለሌለ በብዙ ኩባንያዎች ቅናሹ ይነካል። ክፍት አድርጎ መቆየት የሚጠቅምዎ ገጪው የመገኘት ተስፋ ሲኖር ብቻ ነው። በአካባቢው ካሜራ ካለ ቅጂውን በቀናት ውስጥ ይጠይቁ፤ አብዛኞቹ በራሳቸው ላይ ደርበው ስለሚቀዱ አሮጌው ይጠፋል። ጉዳቱ ትንሽ ከሆነ፣ ከኤክሰሱ (በካሳ ጊዜ ከኪስዎ ከሚከፍሉት ድርሻ) እና በየዓመቱ ከሚያጡት ቅናሽ ጋር አነጻጽረው በራስዎ ማሠራት ይሻል እንደሆነ ያስሉ። በዚህም ጊዜ አደጋውን ማሳወቁ አይቀርም።

ጥያቄ፦ የገጨኝ ሰው አሁን ክዷል። ፋይሉ ዓመት ሊሞላው ነው፣ በደወልኩ ቁጥር «በሂደት ላይ ነው» ይሉኛል። እንዴት ላንቀሳቅሰው?

መልስ፦ «በሂደት ላይ» የሚለው መልስ ማን ምን እየጠበቀ እንደሆነ አይነግርዎትም። ጥያቄዎን ያጥቡት፦ የመጨረሻው ደብዳቤ መቼ፣ ከማን ለማን ተጻፈ? መልስ የሚጠበቀው ከየትኛው ወገን ነው? ቀነ ገደብ ተሰጥቶታል? እነዚህን በኢሜይል ይጻፉ፣ የክሌም ቁጥሩን በርዕሱ ላይ ያስፍሩ፣ በየ2 ሳምንቱ ይከታተሉ። መልስ ካላገኙ የኩባንያውን የቅሬታ ክፍል፣ ከዚያም ተቆጣጣሪውን አካል ይጠይቁ። ቅሬታ ተብሎ የተመዘገበ ደብዳቤ ለተራ ኢሜይል የማይሰጠውን የመልስ ቀን ያስገኛል።

ከማስረጃ በኩል የሚያስፈልገው የፖሊስ ሪፖርትና ንድፍ፣ የምስክሮች ስልክ፣ የሁለቱም መኪኖች የጉዳት ፎቶ፣ ዳሽ ካም (መኪና ላይ የሚገጠም ካሜራ) ካለዎት ሳይቆረጥ የተቀዳው ምስል ነው። የጉዳቱ ቦታ ይረዳል፤ የእርስዎ ኋላ እና የእሱ ፊት መጎዳታቸው ብቻውን ግን «ወደ ኋላ ሄዶ ገጨኝ» የሚለውን ቃሉን አያፈርስም፤ ለዚህ ምስክር ወይም ምስል መኖሩ ጥሩ ነው። ኩባንያዎ ሳያማክርዎ ጥፋቱን 50 ለ50 እንዳይቀበል በጽሑፍ ያስታውቁ። ግማሽ ጥፋት በኖ ክሌም ሂሳብ ብዙ ጊዜ እንደ ሙሉ ጥፋት ነው የሚቆጠረው፤ ኩባንያው ግን ትንሽ ገንዘብ ለመከራከር ጠበቃ ከመቅጠር መካፈሉ ሊቀለው ይችላል። ውሉ የመስማማት ሥልጣን የሚሰጠው ቢሆንም፣ የተጻፈ ተቃውሞ ያለበትን ፋይል በቀላሉ አያካፍልም።

በአደጋው ሰው ተጎድቶ ከሆነ፣ የመኪናው ጉዳይ አልቆ የአካል ጉዳቱ ካሳ ፋይሉን ለረጅም ጊዜ ክፍት ሊያቆየው ይችላል። እንዲህ ከሆነ ሁለቱ ተለያይተው እንዲመዘገቡና የመኪናው ክፍል እንዲዘጋ ይጠይቁ።

ከሁሉ የሚረሳው ደግሞ ኤክሰሱ ነው። ከኪስዎ የከፈሉት ያ ድርሻ፣ የመጎተቻ ሂሳብ፣ መኪናው በቆመበት ጊዜ የከፈሉት ኪራይ፣ ውስጡ የተሰበረ ዕቃ፤ ኩባንያዎ የሚያስመልሰው እሱ ያወጣውን እንጂ እነዚህን ላይሆን ይችላል። አብሮ ይጠይቅልዎ እንደሆነ ይጠይቁት። ካልሆነ በደረሰኝ አስደግፈው በቀጥታ ለገጪው ኢንሹራንስ ያመልክቱ፣ የአገሩ ሕግ ለክስ ያስቀመጠውን የይርጋ ጊዜም ከአደጋው ቀን ጀምሮ ይቁጠሩ፤ ኩባንያዎቹ ሲጻጻፉ መቆየታቸው በራሱ ይርጋውን ያቆመዋል ብለው አይተማመኑ።

ፋይሉ ሲዘጋ ቅናሹ በራሱ ይመለሳል ብለው አይጠብቁ። በዚያው ሳምንት ለካሳ ክፍሉ ስለ መዘጋቱ ደብዳቤ እንዲሰጡዎ ይጻፉ፤ «ሙሉ በሙሉ ተመልሷል፣ መጠባበቂያ ዜሮ፣ ጥፋት የሌለበት» የሚሉት ሦስቱም በግልጽ ይስፈሩበት። ግልባጩን ለእድሳት ክፍሉ ይላኩ፤ ከፋይሉ ጋር የተያያዙ እድሳቶች ሁለት ከሆኑም የሁለቱንም ዓመት ልዩነት ይጠይቁ፣ ምክንያቱም ሠራተኛው ብዙ ጊዜ የሚያስተካክለው የአሁኑን ዓመት ብቻ ነው።